የትምህርት ቤት ቦርድ በተቀባይ አካባቢ፦ የአዊ ዞን ሁኔታ

ድርቅ ሲነሣ በብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው የተሰነጠቀ መሬትና ያለቀ ከብት ነው። የአዊ ምድር ግን ይህን አይመስልም። በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ክረምቱ ረዥም፣ ዝናቡም የበዛ ሲሆን ገብስ፣ ጤፍ፣ ስንዴና በተለይም ድንች በስፋት ይመረታል። ከዚህም የተነሣ አካባቢው ከድርቅ ሥጋት ውጭ እንደ ሆነ ሲታሰብ ኖሯል። አሳቡ በዝናብ ረገድ ትክክል ነው፤ በሰው ረገድ ግን አይደለም። ዝናብ ያጣ ወገን ዝናብ ወዳለበት ይሄዳልና፣ በሩቅ አገር የደረሰ ድርቅ ዘግይቶ በአዊ ትምህርት ቤቶች በር ላይ ይታያል። የሚታየውም ደብተር በሌለው፣ መሸኛ ባልያዘና በየትኛው ክፍል እንደሚቀመጥ በማይታወቅ ልጅ መልክ ነው።

የአካባቢው ታሪክ ይህን በግልጽ ያስረዳል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት በመላ አገሪቱ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ እንዲሠፍር ሲደረግ፣ በዚያው ዓመትና በተከታዮቹ ዓመታት ወደ 80 ሺህ የሚሆነው በበለስ ሸለቆ በፓዌ ሠፍሯል። ሠፋሪዎቹ ከወሎና ከሸዋ፣ ከከምባታና ሐድያም ጭምር የመጡ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የአገው ምድር አውራጃ ዋና ከተማ ዳንግላ ስትሆን፣ የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ደግሞ ዛሬ በአዊ ዞን ውስጥ የምትገኘው ቻግኒ ነበረች። ከእንጅባራ ተነሥቶ በቻግኒ በኩል ወደ ግልገል በለስ የሚወርደው መንገድ ከዚያ ወዲህ ሠፋሪውንም ተመላሹንም ሲያመላልስ ኖሯል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሎች ውስጥ በተካሄደው የሠፈራ ፕሮግራም የዞኑ ቆላማ ወረዳ ጃዊ ከሠፈራ ቦታዎች አንዱ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በመተከል በደረሰው ግጭት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለው በቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው ጣቢያ ተጠለሉ። አርባ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ የደረሰ ነገር ድንገተኛ ነው ሊባል አይገባውም። በመሆኑም በዚህ መንገድ ላይ የሚገኝ ትምህርት ቤት ቦርድ ዕቅዱን ሲያወጣ በመዝገብ ላይ ያለውን ተማሪ ብቻ ሳይሆን ሊመጣ የሚችለውንም ማሰብ ይኖርበታል።

ትምህርት ቤትን ሕዝብ ያስተዳድር የሚለው መመሪያ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው አዋጅ ቁጥር 103 ትምህርት ቤቶች በሕዝብ አስተዳደርና ቁጥጥር ሥር እንዲሆኑ ደንግጎ የትምህርት ቤት ኮሚቴዎች ተቋቋሙ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላም፣ በ1994 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ መመሪያ መሠረት፣ የቀበሌ የትምህርትና ሥልጠና ቦርድና የወላጅና መምህር ኅብረት ሥራውን ተረክበዋል። የቀድሞዎቹ ኮሚቴዎች ስብሰባ በማብዛት ይታሙ ነበር፤ ሐሜቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ይሁን እንጂ የቀበሌና የገበሬ ማኅበር ተወካዮች ይገቡባቸው ስለ ነበር፣ የእርዳታ እህሉን ጉዳይ የሚያውቀውና የትምህርት ቤቱን ጉዳይ የሚያውቀው ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይገናኙ ነበር። ዛሬ የእርዳታው ሥራ በአንድ ጽሕፈት ቤት፣ የትምህርቱ ሥራ በሌላ ጽሕፈት ቤት ስለሚካሄድ፣ ቦርዱ ራሱ ሄዶ ካልጠየቀ በቀር ስንት ሕፃን እንደ መጣ የሚነግረው የለም።

የቦርዱ የመጀመሪያ ጉዳይ እንግዲህ ምዝገባ ነው። ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው የልጁን የውጤት ካርድ ይዞ አይወጣም። ርእሰ መምህሩ መሸኛ ያምጣ ብሎ ከመለሰው ያ ልጅ ዓመቱን በሙሉ ውጭ ይቀራል፤ ዓመት የቀረ ልጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይመጣም። ይህን ለርእሰ መምህሩ ብቻ መተው አግባብ አይደለም፤ ያለ ማስረጃ ተማሪ ተቀበልህ ተብሎ በኋላ የሚጠየቀው እርሱ ነውና። ቦርዱ አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ መወሰን አለበት፦ ልጁ በወላጁ ወይም በሁለት ሰዎች ምስክርነት በጊዜያዊነት ይመዝገብ፤ አንድ መምህር አንድ ገጽ አስነብቦና ጥቂት የሒሳብ ጥያቄዎች ጠይቆ የሚመጥነውን ክፍል ይወስን፤ ማስረጃው ሲገኝ ይያያዝ። በእንዲህ ያለ ውሳኔ ርእሰ መምህሩም ይጠበቃል፣ ልጁም ይማራል።

ከምዝገባው ጋር የተያያዘ የገንዘብ ጉዳይም አለ። ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ሲሆን፣ ቁጥሩ የሚወሰደው አስቀድሞ ከተላለፈው መረጃ ነው። ስለዚህ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ የመጣ ልጅ መቀመጫና መጽሐፍ ይፈልጋል እንጂ በዚያ ዓመት ገንዘብ ይዞ አይመጣም። በፖሊሲው መለኪያ መሠረት አንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል 50 ተማሪ ይይዛል። ለምሳሌ ያህል አራት ክፍሎቹ የሞሉበት ትምህርት ቤት 60 ልጆች ቢጨመሩበት፣ በየክፍሉ 15 ጨምሮ ማጨናነቅ ወይም በፈረቃ ማስተማር የግድ ይሆናል። ፈረቃ የመምህሩን ድካም ይጨምራል፤ ነገር ግን 65 ሕፃናት በአንድ ክፍል ታጉረው ማንበብ ከማይለምዱበት ይልቅ ፈረቃው ይሻላል። ቦርዱ የአዲስ ገቢዎችን ዝርዝር በየወሩ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ማሳወቅ ይገባዋል። በቃል የተነገረ ቁጥር በበጀት ጊዜ አይገኝም።

ሁለተኛውና ብዙ ቅሬታ የሚነሣበት ጉዳይ የወላጆች መዋጮ ነው። በ1986 ዓ.ም. ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ትምህርት በነፃ እንዲሆን ተደንግጎ ነበር። ሆኖም ለጥበቃ ደመወዝ፣ ለጠመኔ፣ ለመቀመጫ ጥገናና ለአጥር ማሠሪያ ወላጆች ያዋጣሉ፤ አንዱ ብር፣ ሌላው የባሕር ዛፍ አጠና፣ ሌላው ድንጋይና ጉልበት ያመጣል። ይህ ባይኖር በአገሪቱ ገጠር ብዙ ትምህርት ቤቶች ባልቆሙ ነበር። ችግሩ በፈቃድ የተባለው መዋጮ ወደ ክፍል ኃላፊው መምህር ሲወርድ ግዴታ መሆኑ ነው። መምህሩ ያልከፈሉትን ስም ይጠራል፤ ስሙ የተጠራው ልጅ ያፍራል፤ በማግሥቱም ይቀራል። በራሽን የሚኖር ቤተሰብ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ከመዋጮ ነፃ የሚሆኑትን ቤተሰቦች ቦርዱ ራሱ እንዲለይ፣ ዝርዝሩም በርእሰ መምህሩ ዘንድ ተዘግቶ እንዲቀመጥና በሰልፍ ላይ እንዳይነበብ ያስፈልጋል። ነፃ የሚሆነው ተፈናቃዩ ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ቅሬታ ይወለዳል፤ በነባሩ ሕዝብ ውስጥም መሬት የሌላትና ልጆችዋን ብቻዋን የምታሳድግ እናት አለችና መለኪያው መጤነት ሳይሆን ችግር መሆን አለበት።

ከመዋጮ ሌላ የትምህርት ቤቱን ገቢ ማሰብም ይቻላል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ግራር ተክሎ በአራትና በአምስት ዓመት ውስጥ ለከሰል እያደረሰ ይጠቀምበታል። ትርፍ መሬት ያለው ትምህርት ቤትም እንደዚሁ ሊያደርግ ይችላል። ሁለት ጥንቃቄዎች ግን አሉ፦ ለአትክልትና ለሠርቶ ማሳያ የተከለለው መሬት በሙሉ ለዛፉ እንዳይሰጥ፣ ተማሪዎችም ከሰል በማክሰል ሥራ እንዳይሰማሩ።

ሦስተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ቢካሄድም አውንጊ ከእነዚያ አንዱ አልነበረም። ከ1986 ዓ.ም. ፖሊሲ በኋላ ግን አውንጊ በአዊ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኗል። ይህ በብዙ ድካም የተገኘ ነገር ነው። አሁን በአማርኛ ማንበብ የጀመረ የ3ኛ ክፍል ልጅ በገጠር ባለ አውንጊ ክፍል ሲገባ መምህሩ የሚለውን ስለማይሰማ ከኋላ ይቀመጣል፤ ሰነፍ ነው ተብሎም ይቆጠራል። እዚህ ላይ ቦርዶች በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ሊሳሳቱ ይችላሉ። አንደኛው፣ መጤዎቹ በዙ ብሎ የአውንጊውን ክፍል ወደ አማርኛ መለወጥ ሲሆን፣ ይህ ነባሩ ሕፃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የመማር መብቱን ይነጥቀዋል። ሁለተኛው ጊዜ ይፍታው ብሎ መተው ነው። ቁጥራቸው አንድ ክፍል የሚሞላ ከሆነ በአማርኛ የሚማር ክፍል ለብቻ መክፈት፣ ካልሆነም በአቅራቢያው አማርኛ ወደሚያስተምር የከተማ ትምህርት ቤት ማዛወር፣ መንገዱ የሚርቅ ከሆነም ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ መምህር መድቦ ከሰዓት በኋላ ማገዝ ይቻላል። ሕፃናት በጨዋታ ሜዳ ቋንቋ ከመምህሩ ፈጥነው እንደሚለዋወጡ ማንም ያውቃል፤ ቢሆንም የመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ ከዚያ የዘገየ ነው።

ምግብን በተመለከተ አጭር አሳብ ይበቃል። የምገባ እርዳታ ሲገኝ ለተፈናቃይ ልጆች ብቻ ተለይቶ ከታደለ በአንድ ወንበር የተቀመጡትን ሁለት ልጆች ይለያያል። መጠኑ ቢያንስም ከአንድ ድስት ለሁሉም ይሰጥ። ድንች በሚደርስበት ወቅት ወላጆች በቁና የሚያዋጡት ለዚህ ሊውል ይችላል።

ተፈናቃይ በመጣ ቁጥር የከተማ አስተዳደር በቅድሚያ የሚጠይቀው የመማሪያ ክፍሎችን ነው፤ ጣሪያ ያለው ሰፊ ቤት ሌላ የለምና መጠየቁ አያስደንቅም። እንቢ ማለት አይቻልም፣ አይገባምም። ይሁን እንጂ የትኞቹ ክፍሎች እንደሚሰጡ፣ ለስንት ሳምንት እንደሚቆዩ፣ የመዝገብ ቤቱና የሴቶች ልጆች መጸዳጃ ተለይተው እንደሚጠበቁ በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ስምምነት በሌለበት ለሁለት ሳምንት የተባለው ወራት ይፈጃል፤ መቀመጫውም ማገዶ ሆኖ ያልቃል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ከተቀሰቀሰው ግጭት ወዲህ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለ ተዘጉ፣ የመዝገቦች ነገር ከቀድሞው ይልቅ አሳሳቢ ሆኗል። የተማሪዎች ዝርዝርና ውጤት በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ቢቀመጥ የሚያስወጣው የወረቀት ዋጋ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይፈጸምም። አጥርና በር ለከርሞ ሊቆዩ ይችላሉ፤ በመስከረም ያልተመዘገበ ልጅ ግን ለከርሞ አይቆይም። ስለዚህ በነሐሴ የሚሰበሰብ ቦርድ ከግንባታው ዝርዝር በፊት ስለ ጊዜያዊ ምዝገባው፣ ከመዋጮ ነፃ ስለሚሆኑት ቤተሰቦችና ስለ ቋንቋው ቢወስን ይሻላል። በዚያው ስብሰባ አንድ አባል ወደ ወረዳው የእርዳታ ጽሕፈት ቤት ተልኮ የምዝገባ ቀንና የእህል ማደያ ቀን እንዳይጋጩ ይነጋገር። ከንጋት ጀምራ ለራሽን የተሰለፈች እናት በዚያ ቀን ልጅዋን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ልትመጣ አትችልም።