«ምንም አልተገኘም» ሲል እንመነው?

አንድ ጋዜጠኛ ስለ ሠራተኛ ሠፈር ሊጽፍ ፈልጎ የድረ ገጽ ክምችት ሲያስስ «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ሊመጣለት ይችላል። ይህ ማለት ግን የተጻፈ ነገር የለም ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው መረጃው ዳታቤዝ ውስጥ የገባበት መንገድ ላይ ነው። ሦስቱን እንይ።

1ኛ/ የፊደል ችግር፦ ለእኛ ሠ እና ሰ አንድ ድምፅ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ስለዚህ «ሠራተኛ ሠፈር» በ4 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ በአንዱ የፈለገ ሦስቱን አያገኝም። መፍትሔው ዋናውን ጽሑፍ መቀየር አይደለም። ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ የተመለሱበት ሌላ ዓምድ መጨመር፣ የሚፈለገውንም ቃል በዚያው ሕግ መልሶ እዚያ ዓምድ ላይ መፈለግ ነው።

2ኛ/ የጥያቄ ምልክት፦ ማይኤስኪውኤል ከ8.0 እትሙ (2018 እ.ኤ.አ.) በፊት፣ ካልተነገረው በቀር፣ የሚጠቀመው ላቲን 1 የተባለውን የፊደል አሠራር ነበር። ግዕዝ ደግሞ እዚያ ውስጥ የለም። ታዲያ ጽሑፋችን «????» ሆኖ ቢመጣ መጀመሪያ መዝገቡን ሄክስ በሚለው ትእዛዝ ማየት ነው። 3ኤፍ ብቻ እየተደጋገመ ከታየ ፊደሉ ጠፍቷል፤ ከወረቀቱ እንደገና ከመጻፍ ሌላ መንገድ የለም። በኢ1 የሚጀምሩ ባይቶች ካሉ ግን ጽሑፉ አለ ማለት ነው፤ መስተካከል ያለበት ግንኙነቱ ወይም ገጹ ነው።

3ኛ/ የቀን ችግር፦ ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነች የቀን ዓምድ አይቀበላትም። ይህስ ደህና ነው፣ ስህተቱ ይታያል። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚገባው ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. «12/6/1929» ተብሎ ቢጻፍ ማሽኑ የፈረንጆች ጁን 12 ቀን 1929 አድርጎ ሊቀበል ይችላል። ትክክለኛው ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 ነው። የሰማዕታቱ ቀን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ከ7 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው! ስለዚህ የኢትዮጵያው ቀን እንዳለ በራሱ ዓምድ ይቀመጥ፣ የተቀየረው ደግሞ ከጎኑ።

ይህ የኮምፒውተር ተማሪዎች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ ፒያሳን ያስብ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ቤቱ ሲኖር መዝገቡ ቢሳሳት ሄዶ ማየት፣ ጎረቤት መጠየቅ ይቻል ነበር። አሁን በአብዛኛው የቀረን ጽሑፍና ፎቶግራፍ ነው። እሱም ተፈልጎ ካልተገኘ ሠፈሩ ለሁለተኛ ጊዜ ፈረሰ ማለት ነው። እንግዲህ «የለም» ብለን ከመጻፋችን በፊት ቢያንስ በሌላው ሰ እንፈልግ።