ከወጥ ቤት ትራፊና ከመጸዳጃ ፍሳሽ ስለሚገኝ ጥቅም

ማናቸውም ነጋዴ የሚገዛውን ዕቃ ዋጋ ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሚጥለውን ዕቃ ዋጋ የሚያሰላ ግን ጥቂት ነው። የሆቴል ባለቤት ድንችና ሽንኩርት ሲገዛ አንድ ጊዜ ይከፍላል። ልጣጩንና የገበታውን ትራፊ ለማስወሰድ ሁለተኛ፣ ለምድጃው ቡታጋዝ ለመግዛት ደግሞ ሦስተኛ ይከፍላል። ይኸው የተጣለው ልጣጭ በአግባቡ ቢያዝ ግን ከቡታጋዙ የተወሰነውን ሊተካ የሚችል መሆኑ በብዙ አገር ተፈትኖ የታወቀ ነው።

የአሠራሩ መሠረት ለኢትዮጵያ ባልትና እንግዳ አይደለም። ሊጥ በእርሾ እንደሚቦካ ሁሉ፣ የምግብ ትራፊና የመጸዳጃ ፍሳሽም አየር በማያስገባ ማብላያ ውስጥ ሲከተት በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን አማካይነት ይብላላል፤ ለመነሻ እርሾ የሚሆነውም ትኩስ የከብት እበት ነው። ከዚህ የሚወጣው ባዮጋዝ ይባላል። ከመቶው ከ55 እስከ 65 እጅ የሚሆነው ሜቴን የተባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ሲሆን፣ የቀረው አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሥራው የሚፋጠነው ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ በደጋ አገር ማብላያውን ከምድር በታች መሥራት ይመረጣል። በኢትዮጵያ ገጠር ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም አማካይነት በሺህ የሚቈጠሩ ቤተ ሰቦች የዚህ ዓይነት ማብላያ አሠርተዋል።

ሒሳቡ እንደሚከተለው ነው። 1 ቶን የምግብ ትራፊ 100 ሜትር ኩብ ያህል ባዮጋዝ ይሰጣል፤ እያንዳንዱም ሜትር ኩብ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚያህል ሙቀት አለው። በቀን 100 ኪሎ ትራፊ የሚወጣው ሆቴል እንግዲህ 10 ሜትር ኩብ ጋዝ ሊያገኝ ይችላል፤ ይኸውም 4 ኪሎ ተኩል ከሚያህል ቡታጋዝ ጋር ይተካከላል። ጋዙ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭም አይጣልም፤ ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም በውስጡ ስለሚቀሩ ለእርሻ ማዳበሪያ ይሆናል። ማዳበሪያን ከውጭ በምንዛሪ ለምትገዛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የጥቅሙን ያህል የቸልተኝነቱም ዋጋ ሊታሰብ ይገባል። በአዲስ አበባ ረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ በሚለው ሥፍራ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቈሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው በረጲ ቈሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራው ጣቢያ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመረቀ። ሆኖም የምግብ ትራፊ ከክብደቱ ከመቶ 70 እጅና ከዚያም በላይ ውሃ ስለሆነ፣ ከእሳት ሲገባ ውሃውን ለማትነን ብዙ ሙቀት ይባክናል። ደረቁ ለእሳት፣ እርጥቡ ለማብላያ እንዲሆን የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ከተማ የፍሳሹን ዝቃጭ ወደ ንግድ ዕቃ ሊለውጥ እንደሚችል የሚልዋኪ ታሪክ ያስረዳል። ይህች የአሜሪካ ከተማ ከፍሳሽዋ የሚወጣውን ዝቃጭ በእሳት አድርቃ፣ ሚሎርጋናይት በሚል ስም በከረጢት እያደረገች ከ1926 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአትክልተኞች ትሸጣለች።

ሥራው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንደኛ፣ ሜቴን ከአየር ጋር ከመቶ ከ5 እስከ 15 እጅ ሲቀላቀል ይፈነዳል፤ ስለዚህ ቧንቧው ዘወትር መመርመር አለበት። ሁለተኛ፣ እንደ ገማ ዕንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሰውን ይመርዛል፣ ብረትንም ይበላል፤ ጋዙን በዛገ የብረት ፍቅፋቂ ውስጥ በማሳለፍ ይጣራል። ሦስተኛ፣ ከመጸዳጃ የሚመጣው ዝቃጭ የበሽታ ተሐዋስያንና የትላትል ዕንቁላል ስላለበት፣ በ70 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ሳይሞቅ ወይም በሌላ የታወቀ መንገድ ሳይታከም ለአትክልት ሊሰጥ አይገባም። የቆዳ ፋብሪካ ክሮም ከከተማው ፍሳሽ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ማሞቅ አያስወግደውም፤ በአንድ ፋብሪካ ጥፋት የመላው ከተማ ዝቃጭ ገዢ ያጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚታየው የንግዱ ዕድል የሚወሰነው በመኪናዎቹ ብዛት ወይም በማብላያው ስፋት ብቻ ሳይሆን ትራፊው በሚወጣበት ደጃፍ መሆኑ ነው። ፕላስቲክና ጠርሙስ የተቀላቀለበት ትራፊ ማብላያውን ይደፍናል፣ ማዳበሪያውንም ያበላሻል፤ ከተቀላቀለ በኋላ መለየት ደግሞ ከጋዙ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የሆቴል፣ የምግብ ቤትና የአትክልት መደብር ባለቤት ሊጀምር የሚችለው በሁለት በርሜልና በአንድ ሚዛን ነው። እርጥቡን ከደረቁ ለይቶ፣ የእርጥቡን ክብደት አንድ ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ቢመዘግብ፣ ማብላያ ማሠራቱ ያዋጣው እንደ ሆነ ከገዛ መዝገቡ ይረዳዋል።