ከጭጋጉ ወደ ሙቀቱ፦ የአንድ ቀን የናፓ ጉዞ

ኦክላንድ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶቹን ናፓ ሊወስዳቸው አስቦ የአሥራ ሁለት ወይን ጠማቂ ቤቶች ስም ላከልኝ። ሁሉንም በአንድ ቀን ሊያዳርስ ነው። ዘጠኙን ሰርዤ ሦስቱን ተውኩለትና ምክንያቱን ጻፍኩለት። የእሱ ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ ለእናንተም ቀስ ብዬ ላስረዳ።

መጀመሪያ ሸለቆውን እንወቅ። ናፓ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን የሚገኝ ጠባብ ሸለቆ ነው፤ ርዝመቱ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ስፋቱ ሰፋ በሚልበት ቦታ እንኳ ከ8 ኪሎ ሜትር ብዙ አያልፍም። እኛ የአየር ጠባይን የምንለየው በከፍታ ነው፤ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እንላለን። መካከለኛውን አየር አባቶቻችን በወይን ስም መጥራታቸውን ልብ በሉ፤ ወይን ብዙ ሙቀትም ብዙ ብርድም እንደማይወድ ስሙ ራሱ ይነግረናል። ናፓ ላይ ግን ከፍታውን ለጊዜው ትተን ባሕሩን እንይ። በሸለቆው ደቡባዊ ጫፍ የሳን ፓብሎ ባሕረ ሰላጤ አለ። በበጋ የመሀል ካሊፎርኒያ ምድር ሲግል አየሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ የእሱን ቦታ ለመሙላት ቀዝቃዛው የውቅያኖስ አየር ጭጋጉን ይዞ በባሕረ ሰላጤው በኩል ይገባል። ስለዚህ ደቡቡ ቀዝቃዛ፣ ሰሜኑ ሞቃት ነው። ወደ ሰሜን በሄድኩ ቁጥር ይበርደኛል ብሎ ካፖርት የያዘ ሰው በሰሜኑ ጫፍ ያለችው ካሊስቶጋ ሲደርስ ያወልቀዋል።

ይህ ለብርጭቋችን ምን ያደርግለታል? ፍሬው በሙቀት ሲበስል ስኳሩ ይጨምራል፣ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል። እርሾው ደግሞ ያንን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጠዋል። እንግዲህ ከቀዝቃዛው ምድር ቀለል ያለና ምራቅ የሚያስውጥ ወይን፣ ከሞቃቱ ምድር ወፍራምና ጠንካራ ወይን ይገኛል። ሦስቱን ቤቶች የመረጥኩት ይህን መንገድ ምላሳችሁ ከደቡብ ወደ ሰሜን እንዲከተለው ብዬ ነው።

ጠዋት ካርኔሮስ ግቡ። ካርኔሮስ የሸለቆው ደቡባዊ በር ነው። እዚያ ያለው ዶሜን ካርኔሮስ በ1987 (ቀኑንም ዓመቶቹንም የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፈረንሳዩ የሻምፓኝ ቤት በቴታንዤ የተመሠረተ ነው። አረፋማ ወይኑን የሚሠራው ከሻርዶኔና ከፒኖ ኗር ሲሆን፣ ሁለቱም ቀዝቀዝ ያለ አየር የሚወዱ ዝርያዎች ናቸው። አረፋው የሚፈጠረው አንዴ የተብላላው ወይን ጥቂት ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት፣ በጠርሙሱ ውስጥ ታሽጎ እንደገና ሲብላላ ነው፤ ጋዙ መውጫ ስለሚያጣ ወይኑ ውስጥ ይቀራል። ከሻርዶኔ ብቻ የሚሠራውን ለ ሬቭ የተባለውን ጠይቁ። አንድ ጉንጭ ወስዳችሁ ምላሳችሁ ዳርና ዳር የሚሰማችሁን ጉምዝዝ የሚያደርግ ስሜት አስተውሉ። ጭጋጉን ቀመሳችሁት ማለት ነው።

ከዚያ በሲልቨራዶ ትሬይል መንገድ ወደ ስታግስ ሊፕ ሂዱ። እዚህ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ስማቸው ለጆሮ አንድ የሆነ፣ በእንግሊዝኛ ጽሕፈት በአንዲት ጭረት ቦታ ብቻ የሚለያዩ ሁለት የተለያዩ ቤቶች አሉ። እኔ የምላችሁ ስታግስ ሊፕ ዋይን ሴላርስ የሚለውን ነው፤ ቀጠሮ ስትይዙ ስሙን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ግንቦት 24 ቀን 1976 እንግሊዛዊው የወይን ነጋዴ ስቲቨን ስፐሪየር ፓሪስ ላይ የፈረንሳይና የካሊፎርኒያ ወይኖችን ሌብላቸው ተሸፍኖ ለፈረንሳውያን ዳኞች አስቀመሰ። ከቀዮቹ አንደኛ የወጣው የዚህ ቤት የ1973 ካቤርኔ ሶቪኞን ነበር። ያፈሩት ተክሎች የተተከሉት በ1970 ነው፤ ገና የሦስት ዓመት ለጋዎች ነበሩ ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ። የፈረንሳዩን የወይን አገር የቦርዶን የዘመናት ዝና የረታው የሦስት ዓመት ተክል ነው!

እዚህ ቤት ኤስ.ኤል.ቪ. እና ፌይ የሚባሉ የሁለት ጎረቤታም እርሻዎች ወይኖችን ጎን ለጎን ቅዱልን በሏቸው። ዝርያው አንድ ነው፣ ጠማቂው አንድ ነው። የመጀመሪያው አፈር በብዛት ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ የሁለተኛው ውኃ አጥቦ ያመጣው የሚበዛበት ነው። የመጀመሪያው ጠጠር ያለ፣ ሁለተኛው ለስለስ ያለ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በሁለቱም ላይ ድዳችሁን የሚያደርቀው ነገር ታኒን ይባላል፤ ከፍሬው ቆዳና ዘር ይመጣል። ያለ ስኳር የፈላ ወፍራም ሻይ የጠጣ ሰው ያውቀዋል። በአክሱሚት ጣፋጭነት የለመደ አፍ መጀመሪያ ላይ ሊከፋው ይችላል፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጉንጭ ሳትቀምሱ አትፍረዱ።

የመጨረሻው ካሊስቶጋ ነው፣ በሰሜኑ ጫፍ፤ ቤቱም በ1882 የተቆረቆረው ሻቶ ሞንተሌና። በዚያው የፓሪስ ቀን ከነጮቹ አንደኛ የወጣው የእሱ የ1973 ሻርዶኔ ነው። አሁን የነቃ ተማሪ እጁን ያወጣል፦ ሻርዶኔ ብርድ ይወዳል ካልን ከሞቃቱ ካሊስቶጋ እንዴት አሸነፈ? መልሱ፣ የዚያ ወይን ፍሬ አብዛኛው የተለቀመው ከጎረቤቱ ከሶኖማ መሆኑ ነው። ስለዚህ የጠማቂው ሕንፃ የቆመበትን ሳይሆን ፍሬው የበቀለበትን ቦታ ከሌብሉ ላይ ፈልጉ። ናፓ ቫሊ ከተባለ ቢያንስ 85 በመቶው ፍሬ ከዚያ መሆን አለበት፤ የዝርያ ስም ከተጻፈ ቢያንስ 75 በመቶው ያ ዝርያ ነው። ካሊስቶጋ ላይ ግን የቦታውን ሙቀት የሚነግራችሁ ከቤቱ አጠገብ ካለው እርሻ የሚገኘው ካቤርኔ ነውና እሱን ሳትቀምሱ አትውጡ።

ለምን ሦስት ብቻ እንዳልኩ በሒሳብ ላሳያችሁ። አንድ ቅምሻ 45 ሚሊ ሊትር ያህል ነው እንበል። በአንድ ቤት አምስት ዓይነት ብትቀምሱ 225 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ተኩል ይሆናል። በሦስት ቤት አራት ብርጭቆ ተኩል። የካሊፎርኒያ ሕግ ለአሽከርካሪ የሚያስቀምጠው የደም አልኮል ወሰን 0.08 በመቶ ነው፤ ስለዚህ መኪና የሚይዘው ሰው ከቤት ስትወጡ ይታወቅ፣ እሱም አይቅመስ። የተቀሩትም ቢሆኑ በቀረበላቸው ዕቃ ውስጥ መትፋት ይችላሉ፤ እዚያ ነውር አይደለም፣ ባለሙያዎቹ ራሳቸው የሚያደርጉት ነው። አብዛኞቹ ቤቶች በቀጠሮ ነው የሚያስተናግዱት፤ አስቀድማችሁ ያዙ። ከወይኑ ጋር የሚቀርበው ሳህን አይብና ሥጋ ስለሚበዛበት፣ ከመካከላችሁ ጿሚ ካለ ረቡዕና ዓርብን ተዉት፤ እንግዳን በባዶ ሆዱ ማስቀመስ ተገቢ አይደለም።

የገዛችሁትን ጠርሙስ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ወይን በሙቀት ይበላሻል። ቤት ስትደርሱ ካቤርኔውን ለጥብስ አቆዩት፤ የሥጋው ስብ ታኒኑን ያለዝበዋል። ለዶሮ ወጥ ግን አትክፈቱት፤ ከፍተኛ አልኮልና ታኒን የበርበሬውን ማቃጠል ያብሱታል። ለዶሮው የሚስማማው በረዶ ላይ የቆየው የካርኔሮሱ አረፋማ ነው።