አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም፦ ሱፐርኖቫ በሳይንስና በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ

በዚህ እትም የምናጠናው ቃል ሱፐርኖቫ ነው። «የነርሲንግ ተማሪ ሆነሽ ስለ ኮከብ ምን አገባሽ?» ትሉኝ ይሆናል። የሥነ ፈለክ ኮርስ የወሰድኩት የሳይንስ ክሬዲት ለማሟላት ብዬ ነበር። ይህ ቃል ግን ለዋናው ትምህርቴ የሚጠቅመኝን ነገር አስተምሮኛል። በክፍል ውስጥ ሱፐርኖቫ የኮከብ ሞት ነው። ከክፍል ወጥቼ ስልኬን ስከፍት ደግሞ አንዲት ዘፋኝ ሱፐርኖቫ ሆነች ይባላል፤ ዝናዋ ናኘ ለማለት ነው። አንድ ቃል እንዴት ሞትም ዝናም ሊሆን ቻለ?

ቃሉ ከየት መጣ?

ኖቫ በላቲን «አዲስ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1572 የዴንማርኩ ሥነ ፈለክ ተመራማሪ ቲኮ ብራሄ ካሲዮፒያ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ ደማቅ ኮከብ አየ። (በግሪክ አፈ ታሪክ ካሲዮፒያ የኢትዮጵያ ንግሥት ናት፤ ግሪኮች ግን በዚህ ስም የሚጠሩት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ነበር።) ብራሄ በሚቀጥለው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ያየውን «አዲስ ኮከብ» ብሎ ጠራው። ዛሬ እንደምናውቀው ግን ያ ብርሃን የአሮጌ ኮከብ ፍንዳታ ነበር። ኮከቡ ድሮም እዚያው ነበር፤ ከርቀቱ የተነሳ በዓይን አይታይም ነበር እንጂ። ስለዚህ የሚሞተው ኮከብ «አዲስ» የሚል ስም ወጣለት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

በ1930ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ዋልተር ባዴና ፍሪትዝ ዝዊኪ ከኖቫዎች መካከል አንዳንዶቹ ከሌሎቹ እጅግ እንደሚበልጡ ተገነዘቡ። «ከፍ ያለ፣ የላቀ» የሚል ትርጉም ያለውን ሱፐር ጨምረው ሱፐርኖቫ አሏቸው። በ1934 ባሳተሙት ጽሑፍም ሱፐርኖቫ አንድ ተራ ኮከብ ወደ ኒውትሮን ኮከብ የሚለወጥበት ክስተት ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

በሳይንስ

ለሳይንቲስት ኖቫና ሱፐርኖቫ የተለያዩ ናቸው። ኖቫ የሚከሰተው ነጭ ድንክ የሚባል፣ ነዳጁን የጨረሰ ትንሽ ኮከብ ከጎረቤቱ የሳበው ጋዝ በላዩ ላይ ሲፈነዳ ነው፤ ኮከቡ ራሱ ይተርፋል። ሱፐርኖቫ ግን በሁለት ዋና መንገዶች ይመጣል። አንደኛው፣ ክብደቱ ከፀሐይ በግምት ከስምንት እጥፍ በላይ የሆነ ኮከብ እምብርቱ ወደ ብረት ሲለወጥ ነው። ብረት ተዋሕዶ ኃይል ስለማይሰጥ እምብርቱ የራሱን ክብደት መሸከም ያቅተውና በቅጽበት ይደረመሳል። የውጪው ክፍል ይበተናል፤ የኒውትሮን ኮከብ ወይም ብላክ ሆል ይቀራል። ሁለተኛው፣ ነጭ ድንክ ኮከብ ሙሉ በሙሉ ሲፈነዳ ነው። በሁለቱም መንገድ ብርሃኑ ለጥቂት ሳምንታት ከአንድ ጋላክሲ ሙሉ ብርሃን ጋር ሊወዳደር ይችላል።

እኛ በላብራቶሪ የምንለካው ሄሞግሎቢን ብረት አለው፤ ከዚያ ብረት አብዛኛው በእንዲህ ዓይነት ፍንዳታዎች የተበተነ ነው።

ሳይንሳዊ ጽሑፍ ሱፐርኖቫን ሲጠቅስ ዓመትና ርቀት ያስከትላል። ለምሳሌ በየካቲት 1987 የታየው በዓመቱና በመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ፊደል ተሰይሞ 1987ኤ ይባላል። ወደ 160,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ቢርቅም ከምድር ደቡባዊ ክፍል በዓይን ታይቷል።

በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ

የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት ከኮከቡ ፍንዳታ ቀጥሎ ሌላ ፍቺ ይሰጣል፦ በድንገት ታዋቂ የሆነ ሰው ወይም ነገር። ቪዲዮ፣ ሙያ፣ ፍቅር፣ ቁጣም ጭምር «ጎ» ከሚለው ግስ ጋር ሱፐርኖቫ ይሆናል። ሕዝቡ ከሳይንሱ ድንገተኛነቱንና ድምቀቱን ወሰደ፤ ሞቱን ተወው። ይህ ስህተት አይደለም። እኛም «ኮከብ ተጫዋች» ስንል ስለ ሃይድሮጅን አናስብም፤ ባልና ሚስት «ኮከባቸው አልገጠመም» ሲባልም ቴሌስኮፕ የሚያመጣ የለም።

ችግሩ ስንተረጉም ይመጣል። ስለ ዘፋኟ የተባለውን «ሥራዋ ፈነዳ» ብንለው የከሰረች ይመስላል፤ «ስሟ ገነነ» ይሻላል። ስለ ሰማዩ ኮከብ ሲሆን ግን «ኮከቡ ገነነ» አይሠራም፤ «ኮከቡ ፈንድቶ ሞተ» ነው።

ይህ ለእኛ ለምን ይጠቅማል?

ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ለእናት፣ ለአባት፣ ለአክስት ክሊኒክ ውስጥ አስተርጉመናል። እዚያ የሚያስቸግረን ረጅሙ የላቲን ቃል ብቻ አይደለም። የማናውቀውን ቃል እንጠይቃለን፤ የምናውቀው የሚመስለን ቃል ግን ዝም ብሎ ያልፈናል።

ሾክን ውሰዱ። በመንገድ ላይ ድንጋጤ ነው። በሆስፒታል ግን ደም ለሰውነት ክፍሎች በበቂ ሁኔታ ሳይደርስና ኦክሲጅን ሲያጥራቸው የሚመጣ፣ በፍጥነት ካልታከመ የሚገድል ሁኔታ ነው። «አባባ ደንግጠዋል» ብለን ከተረጎምን ቤተሰቡ ውሃ ሊያጠጣቸውና ሊያረጋጋቸው ይነሳል፤ አደጋ ላይ መሆናቸውን አይረዳም። ፖዘቲቭም እንዲሁ ነው። የምርመራ ውጤት ፖዘቲቭ ሆነ ማለት የተፈለገው ነገር ተገኘ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ለታማሚው መልካም ዜና ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልመክራችሁ። የምታውቁትን ቃል ባለሙያ ሲናገር ስትሰሙ «እዚህ ላይ ምን ማለትዎ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጉዳዩ ከባድ ከሆነም ሆስፒታሉ የሠለጠነ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ጠይቁ፤ እናንተ እጃቸውን ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ።

ራሳችሁን ሞክሩ

እነዚህን ወደ አማርኛ መልሱ፦
1. ዘ ቪዲዮ ዌንት ሱፐርኖቫ።
2. አወር ሰን ዊል ኔቨር ጎ ሱፐርኖቫ።
3. ሂዝ ቴምፐር ዌንት ሱፐርኖቫ።

መልስ፦ 1. ቪዲዮው በአንድ ጊዜ አገር ያየው ሆነ። 2. ፀሐያችን በሱፐርኖቫ ፍንዳታ አትሞትም፤ ለዚያ የሚበቃ ክብደት የላትም። 3. ቁጣው ገነፈለ። ግሱ በሦስቱም አንድ መሆኑን ልብ በሉ። ትርጉሙን የሚለየው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው፤ ስለዚህ ከመተርጎማችሁ በፊት ስለ ማን ወይም ስለ ምን እንደሚወራ እዩ።

መልካም ጥናት!