የመምህር መታከትና የተማሪ ውድቀት፦ የተሳሰረ ችግር፣ የተሳሰረ መፍትሔ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ስለ ተማሪዎች ብዙ አነጋግሯል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ተማሪ በሚወድቅበት ክፍል ዓመት ከዓመት የሚያስተምረው መምህር ምን ይሆናል? ይህ አጭር ጽሑፍ ሁለቱ ጉዳዮች ተነጣጥለው ሊጠኑ እንደማይገባ ይከራከራል።

ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ባቀረቡት መለኪያ መሠረት የሥራ መታከት ሦስት ገጽታዎች አሉት፤ እነርሱም የስሜት መሟጠጥ፣ የሚያገለግሉትን ሰው በግዴለሽነት ማየትና «ሥራዬ ፍሬ የለውም» የሚል ስሜት ናቸው። በዚህ ስሜት የተያዘ መምህር ከተማሪው የሚጠብቀው ያንሳል፤ ብዙም የማይጠበቅበት ተማሪ ደግሞ ጥረቱን ይቀንሳል። ውጤቱ ሲያሽቆለቁል የመምህሩ ተስፋ መቁረጥ ትክክል መስሎ ይታያል። አዙሪቱ የሚጸናው በዚህ መንገድ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሲያስተምር፣ በሦስተኛው ዓመት የተማሪዎቹን ሥራ በወጉ ማረም ትቶ ነበር። በማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪ «መልሱን አይንገሩኝ፤ የት ላይ እንደተሳሳትኩ ያሳዩኝ» አለችው። ደብተሯን ሲመረምር አልጀብራው ሳይሆን ክፍልፋይ እንዳስቸገራት ተረዳ። የሌሎቹም ችግር ተመሳሳይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ከተማሪዎቹ ስሕተት ይነሣ ጀመር። ሁሉም አላለፉም፤ ሆኖም ጠያቂዎች በረከቱ፣ መምህሩም ተዘጋጅቶ መግባት ጀመረ። ሥራው ፍሬ እንዳለው ያሳዩት ተማሪዎቹ ነበሩ።

የአንድ ክፍል ትዝታ ማስረጃ አይሆንም፤ መላምት ግን ይሆናል። መምህሩን የመፈወስ ሸክም በተማሪዎች ትከሻ ላይ መጫንም አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 መታከትን በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት ሲል ገልጾታል፤ በመሆኑም የክፍል መጨናነቅና የክፍለ ጊዜ ብዛት መፍትሔ ይሻሉ።

ወደፊት የሚደረጉ ጥናቶች የመምህሩን መታከትና የተማሪዎቹን ለውጥ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በተመሳሳይ ወቅት፣ ዓመቱን ሙሉ ቢከታተሉ ይበጃል። የማካካሻ ትምህርት መርሐ ግብሮችም ይዘት ከመከለስ አስቀድመው ስሕተትን አብሮ ለመመርመር ጊዜ ሊመድቡ ይገባል።