ጥንብ አንሳና ሥራው

በሬ ገደል ገብቶ ሲሞት በመጀመሪያ ሰማዩ ባዶ ነው። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጥንብ አንሳ ይወርዳል። ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ሃያ ይሆናሉ። ለመሆኑ ማን ነገራቸው? ሽታው አይደለም። የአገራችን ጥንብ አንሳዎች ምግባቸውን የሚያገኙት በዓይናቸው ነው። ተራርቀው ሲያንዣብቡ አንዱ ሌላውን ያያል፤ አንዱ ሲወርድ ጎረቤቱ ይከተለዋል። ጅብም የአሞራውን መውረድ አይቶ ይመጣል።

ጅብ ግን ጥንብ ብቻ በልቶ አይኖርም። ራሱም ያድናል፤ የአህያችንን ነገር ማን ያጣዋል! ቀበሮና ቁራም ያገኙትን ይበላሉ። የጀርባ አጥንት ካላቸው የየብስ እንስሳት መካከል ኑሮውን በጥንብ ላይ ብቻ የመሠረተው ጥንብ አንሳ ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው? ጥንብ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሩቅ ነው። በእግሩ እየዞረ የሚፈልግ እንስሳ ያገኘው ምግብ ድካሙን አይመልስለትም። ጥንብ አንሳ ግን ሰፊ ክንፉን ይዘረጋል፤ ፀሐይ ያሞቀችው አየር ሽቅብ ሲወጣ ይዞት ይወጣል። ክንፉን ብዙም ሳያርገበግብ አገር ያካልላል። በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በምዕራብ አፍሪካ ሰማይ ላይ አንዱ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨው ከ11 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነበር። የራስ ዳሸን ሁለት እጥፍ እንኳ እዚያ አይደርስም።

የአንገቱ መመለጥ ደም እንዳይጣበቅበት ይረዳዋል። የጨጓራው አሲድ ብርቱ ስለሆነ ብዙ ጀርም ይገድላል። ይህ ሁሉ በብዙ ሺህ ትውልድ ቀስ በቀስ የመጣ ነው። የአሜሪካ ጥንብ አንሳዎች ለእኛዎቹ የቅርብ ዘመድ አይደሉም፤ ነገር ግን ኑሯቸው አንድ በመሆኑ መልካቸውም ተመሳሰለ።

ታዲያ ቢጠፋስ? በሕንድ አገር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ገበሬዎች ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ለከብት ይሰጡ ነበር። መድኃኒቱ በሰውነቱ ውስጥ እያለ የሞተውን ከብት የበሉ ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው እየተበላሸ አለቁ። ከአንዱ ዘር ከመቶ 99 በላይ ጠፋ። በድኑ ሜዳ ላይ ቀረ፤ የሚበላውም ውሻ በዛ። ውሻ ሲበዛ ደግሞ የእብደት በሽታ ይከተላል። መንግሥት መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለው በ2006 ነው።

እኛም ዘንድ ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ ሥጋ ላይ መርዝ ይደረጋል። መርዙ ግን አይመርጥም። ለጅብ የተጣለውን ማለዳ አሞራው ይደርስበታል፤ ተጠራርተው ስለሚወርዱም በአንድ በድን ብዙዎቹ ይሞታሉ። ለጅቡ በረቱን በእሾህ ማጠር ይሻላል። አንዲት ጥንብ አንሳ በዓመት የምትጥለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ እንቁላል ብቻ ነው፤ ጫጩቷም አድጋ እስክትወልድ በርካታ ዓመት ይፈጃል።