ጥሩ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

በአዲስ አበባ በአራዳ፣ ከፒያሳ አጠገብ አትክልት ተራ የሚባል ታላቅ ገበያ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ እስኪዛወር ድረስ ገበሬው ያመረተው ጎመን፣ ካሮትና ሰላጣ እዚያ ይራገፍ ነበር። ካሮት ታጥቦ ሲቀርብ ያምራል፤ ገዢ ይስባል። ነገር ግን የታጠበበት ውሃ ጠርቶ ስለታየን ብቻ ንጹሕ ነው እንላለን? ይህን ጉዳይ አንዲት የባሕር እንስሳ ታስረዳናለች።

ስሟ ሳልፕ ይባላል። በቀይ ባሕርና በሌሎችም ባሕሮች ትኖራለች። አጥንት የላትም። ሰውነቷ ዝልግልግ ነው፤ እንደ መስተዋት ወዲያ ማዶ ያሳያል። ቅርጿ በርሜል ይመስላል። በአፏ ውሃ ታስገባለች፣ በኋላዋ ታስወጣለች።

በውስጧ ከዝልግልግ ነገር የተሠራ መረብ አለ። ሥራው እንደ ዱቄት ወንፊት ነው፤ ቀዳዳው ግን በዓይን አይታይም። ውሃው ሲያልፍ ጥቃቅን የባሕር እጽዋትና ባክቴሪያዎች መረቡ ላይ ይቀራሉ። እሷም መረቡን ከነያዘው ትውጠዋለች፤ ወዲያው ሌላ ትሠራለች።

እንግዲህ ልብ እንበል። ውሃው ለእኛ ባዶ ይመስላል፤ ሳልፕ ግን ከዚሁ ውሃ ትጠግባለች። በአንዲት የሻይ ማንኪያ የባሕር ውሃ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች አሉ።

ይሁን እንጂ ሁሉም አይያዙም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት የሳልፕ ዘመዶች የሆኑ እንስሳትን መርምሮ ነበር። በባሕር እጅግ የበዛ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ከመረባቸው ሲያመልጥ ተገኘ። ትንሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ገላው ከዝልግልጉ ጋር ስለማይጣበቅ ነው።

ታዲያ ያን የመሰለ ረቂቅ መረብ ካመለጡት፣ የእኛ ነጠላ ጨርቅ እንዴት ያስቀራቸዋል? ጨርቅ ጭቃና ጉድፍ ይይዛል፤ ባክቴሪያ ግን ያልፈዋል። ባክቴሪያ ሁሉ ጎጂ አይደለም። ነገር ግን ተቅማጥና ኮሌራ የሚያመጡ አሉ።

ስለዚህ የምንጭም ሆነ የወንዝ ውሃ ስንጠጣ እስኪንተከተክ እናፍላው። በጥሬው የምንበላውን ካሮትና ሰላጣም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እንጠበው። ዓይናችን ያላየውን እሳት ይገድለዋል።

መልመጃ
1. ሳልፕ ምግቧን የምታገኘው እንዴት ነው?
2. ውሃን በጨርቅ ማጥለል ብቻውን ለምን አይበቃም?
3. በቤታችን የመጠጥ ውሃ ከየት ይቀዳል? ምንስ እናደርገዋለን? ተወያዩበት።